ፖስተኛው የማያውቀው ስም

ኦውቴይሮ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2008
የሙታን መታሰቢያ በዋለ ማግስት

ይድረስ ለልጄ ለኡሺዮ፤ ይህኛው የሚደርስህ ከሆነ።

በኦገስት የጻፍኩልህ ደብዳቤ ተመልሶ መጣ። ፖስታው ላይ በእናንተ አገር ቋንቋ ማኅተም ተመትቶበታል። ቄሱ አንብበው «በዚህ ስም የሚታወቅ ሰው የለም ይላል» አሉኝ። አድራሻው ልክ ነው፤ ለገና ለእናትህ ከላክህላት ካርድ ጀርባ ላይ ነው የገለበጥኩት። መንገዱ ልክ፣ የቤቱ ቁጥር ልክ፣ ከተማው ባዝል። ስሙን ግን ኡሺዮ ኤክስፖሲቶ ብዬ ጻፍኩ፤ ስትጠመቅ ያስመዘገብኩህ በዚያ በቤተሰባችን ስም ነውና። ፖስተኛችሁ በር ላይ የተደረደሩትን የፖስታ ሳጥኖች አንድ በአንድ አይቶ፣ እንዲህ ያለ ሰው እዚህ አይኖርም ብሎ መለሰው። ሰውየውን አልወቅሰውም። የሚያነበው የተጻፈለትን ነው።

ኤሩንዲናን ታውቃታለህ፤ ጎረቤታችን፣ ምላሷ ከማጭዷ የተሳለ። የተመለሰውን ፖስታ እያገላበጠች ሳቀችብኝ።

«አንተ ዴልሚሮ፣ የሌለ ሰው ፍለጋ እስከ ስዊዘርላንድ ቴምብር ታባክናለህ?»

«ልጄን ነው የፈለግኩት።»

«ልጅህማ አለ። ባሞንዴ ብለህ ብትጽፍ ኖሮ እስካሁን መልሱን ታነብ ነበር።»

«እኔ ባሞንዴ የሚባል ልጅ አልወለድኩም።»

«እሱስ እውነትህን ነው፤ አልወለድክም። የወለደችው ዶሲንዳ ናት። እሷ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቷ ባሞንዴ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር።»

ከዚህች ሴት ጋር አጥር ተጋርቼ መኖሬ ለኃጢአቴ ሥርየት ይበቃኛል። በመጨረሻ ተስማማን። ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ፣ ፖስታውን እሷ ትጽፋለች። ስለዚህ በፖስታው ላይ የምታየው ስም የእኔ የእጅ ጽሑፍ አይደለም። ይህን አስቀድመህ እወቀው።

ጤናህን አልጠይቅም፤ ብትታመም ኖሮ መንደሩ ከእኔ በፊት ይሰማ ነበር። ከእናትህ ቀብር ወዲህ አልተነጋገርንም። ስልኩን የምትደውለው እሷ ነበረች፤ ቁጥርህን በቃሏ ይዛው ሄደች። አንተም አልደወልክም። ስለዚያ ቀን የምታውቀው ግማሹን ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ እነግርሃለሁ። የምጽፈው እንድታውቀው እንጂ ይቅር እንድትለኝ አይደለም።

እናትህ ያረፈች ዕለት ገና አስከሬኗ ሳይወጣ ሴልሶ፣ ቀብር አስፈጻሚው፣ መጥቶ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወጥ ቤት ተቀመጠ። የሞት ማስታወቂያውን ሊጽፍ ነው። እንደምታውቀው እኛ ዘንድ ሰው የሚቀበረው መጀመሪያ በወረቀት ላይ ነው፤ ሟች ማን እንደሆነች፣ ባሏ ማን፣ ልጇ ማን፣ ሁሉም በተራው ተጽፎ ግድግዳ ላይ ካልተለጠፈ ሞታለች ብሎ የሚያምን የለም።

«ባለቤቷ፣ ዴልሚሮ ኤክስፖሲቶ» አልኩት። ጻፈ።

«ልጇ» አለና ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳ። «ሴኞር ዴልሚሮ፣ አይቆጡኝና... የኡሺዮን ስም በድሮው ልጻፈው ወይስ በአዲሱ?»

«የምን አዲስ?»

የሴልሶ ፊት ቀላ። ኤሩንዲና ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር፤ የእቃ ማድረቂያውን ጨርቅ ታጥፍ ጀመር፤ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው። ያን ጊዜ ገባኝ። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ቀብር አስፈጻሚው ያውቃል። ጨርቅ የምታጥፈዋ ያውቃሉ ከሚባሉት ሁሉ ቀድማ ታውቃለች። ሴት ልጅህ ስትወለድ ዳኛ ፊት ቀርበህ፣ ከሁለቱ የቤተሰብ ስሞችህ የእናትህን ፊት አምጥተህ የእኔን ጨርሰህ ፍቀኸዋል። ይህንን የነገረችኝ ኤሩንዲና ናት፤ ጨርቋን አስቀምጣ፣ ዓይኔን ሳታይ። አንተም ለእናትህ «ገንዘብ እንኳ አያስከፍሉም፤ ሕጉ ራሱ ነውር መሆኑን አምኖ ነው በነጻ የፈቀደልን» ብለሃታል አሉ።

ዶሲንዳ ታውቅ ነበር። የገና ካርድህን ስታሳየኝ ፖስታውን ቀድማ ምድጃ ውስጥ ትጥለው ነበር። እሳት ለማቀጣጠል መስሎኝ፣ ቆጣቢ ሴት እያልኩ በሆዴ አመሰግናት ነበር። ለምን ደበቅሽኝ ብዬ ልጠይቃት ወደ መኝታ ቤቱ ዞርኩ። እጇ በመቁጠሪያ ታስሯል።

«ጻፍ» አልኩት ሴልሶን። «ልጇ፣ ኡሺዮ ኤክስፖሲቶ። የልጅ ልጇ፣ ኔሬያ ኤክስፖሲቶ።»

«ሴኞር ዴልሚሮ፣ ልጁ ነገ ሲመጣ ይህን ቢያይ...»

«ሴልሶ፣ የሞተችው ሚስቴ ናት እንጂ ጆሮህ አይደለም። ጻፍ።»

ጻፈ። በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በመጠጥ ቤቱ፣ በመብራት ምሰሶው፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው ተለጠፈ። ጋዜጣ ላይም ወጣ።

የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ። በማግስቱ ከአውቶቡስ ስትወርዱ ልጅቷ ማቆሚያው መስታወት ላይ ያለውን አነበበችው። እኔ አልነበርኩም፤ የነበሩት ግን ለመናገር አልሰነፉም። «አባዬ፣ ይኼ ኡሺዮ ማነው? ይቺ ኔሬያስ? እኛስ የታለን?» አለችህ አሉ። አንተ ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ ቀደድከው። የእናትህን የሞት ማስታወቂያ፣ ኡሺዮ። ስሟም እኮ እዚያው ላይ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከእኔ ጎን አልቆምክም። ተሻግረህ ከባሞንዴዎቹ፣ ከአጎቶችህ ልጆች ጋር ተሰለፍክ። ሰዉ እያለፈ እጄን ሲጨብጥ የሚያየው እኔን ሳይሆን በስተቀኜ የነበረውን ባዶ ቦታ ነበር። ሰዉ ሲወጣ መቃብሩ በር ላይ እንዲህ አልከኝ፦

«አባቴ፣ በእናቴ ማስታወቂያ ላይ እኔ የለሁም። በማይታወቅ ሰው ስም ነው ያስቀበሯት።»

«አንተ ነህ የሌለኸው» አልኩህ። «የፋቅከው ራስህ ነህ።»

ከዚያ አውቶቡሱ መጣ። ልጅቷ በመስኮት እጇን አውለበለበችልኝ። አንተ ወደ ፊት ነበር የምታየው።

ለምን እንደፋቅከው የማላውቅ እንዳይመስልህ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እነዚያ ውርጋጦች ክብ ሠርተው፣ ሕፃን ይጣልበት እንደነበረው እንደዚያ የመነኮሳት ቤት ሳጥን ዙሪያህን እየተሽከረከሩ፣ «ደወል ደውሉ! እማሆይ፣ ሌላ ኤክስፖሲቶ ደጅ ላይ አለሎት!» ይሉህ ነበር። ሸሚዝህ ተቀዶ ስትመጣ እናትህ ታለቅስ ነበር። እኔ በማግስቱ መልሼ ሰደድኩህ፤ ሲጠሩህ ራስህን ቀና አድርገህ «አቤት» በል አልኩህ። ዛሬም ቢሆን የማደርገው ያንኑ ነው። ስሙን የሚያሳፍረው የተሸከመው ሰው አይደለም።

ኤክስፖሲቶ ቃሉ ላቲን ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ እንዳልተማርኩት ታውቃለህ፤ ፊደል የለየሁት የሰው መቃብር ድንጋይ ስቀርጽ ነው፣ ላቲኑንም ከዚያው ከሙታን ላይ ለቃቀምኩት። ደጅ የተቀመጠ ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የአያትህን ስም ግን ያወጣው መልአክ ሳይሆን እንቅልፉ የመጣበት ጸሐፊ ነው። በከተማው፣ በእነዚያ መነኮሳት ቤት ግድግዳ ውስጥ የሚሽከረከር የእንጨት ሳጥን ነበር። ሴቲቱ ሕፃኑን ከመንገድ በኩል ታስቀምጠዋለች፣ ደወሉን ትስባለች፣ ሳጥኑ ይዞራል፣ መነኩሲቷ ከውስጥ ትቀበላለች። ማንም የማንንም ፊት አያይም። በዚያ የገባ ሁሉ ያው አንድ ስም ይሰጠዋል። አያትህ አባትም እናትም ስለሌለው ሁለት ጊዜ ጻፉለት፤ አማሮ ኤክስፖሲቶ ኤክስፖሲቶ። የአባትና የእናት ቦታ ባዶ እንዳይሆን።

ለማጥባት ገንዘብ ይከፈላት የነበረች የዚህ መንደር ሴት አመጣችው። ገንዘቡ ሲቆም ልጁን መመለስ ነበረባት፤ አልመለሰችም። አማሮ ሊያገባ ሲል የዚያን ጊዜው ቄስ ጠሩት። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ።

«አማሮ፣ ያሳደገችህን ሴት ስም እንስጥህ። ደግ ሰው ነበረች። ልጆችህ ከዚህ ይተርፋሉ።»

«አይሆንም፣ አባ።»

«ምን ሆነህ ነው እምቢ የምትለው? በረከት እኮ ነው።»

«ሴትዮዋ ብትመጣስ? ማን ብላ ትጠይቃለች?»

የወለደችውን እናቴ ብሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ «ሴትዮዋ» ነው የሚላት። መንደሩ ግማሹ ወደ ኩባና ወደ አርጀንቲና ሲሄድ እሱ አልሄደም። መነኮሳቱ ዘንድ ያለው አድራሻ የዚህ ሰበካ ነው፤ ከዚህ ከወጣሁ ማን ያገኘኛል አለ። በሩንም አይቆልፍም ነበር። አልመጣችም፣ ኡሺዮ። አንድ ጊዜም አልመጣችም። ስለ እሷ ክፉ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም፤ ክፉ ቃል የምናገረው እኔ ነኝ፤ እሱ ያስቀረውን እኔ ተናግሬዋለሁ።

ይህን ቤት ስሠራ አማሮ በሕይወት ነበር፤ ዓይኑ ግን ጠፍቷል። የበሩ ጉበን ላይ ስማችንን በትልቁ ቀረጽኩ። አንተ ልጅ ሆነህ፣ ባልንጀሮችህ ከመንገድ እያነበቡ ሲስቁብህ፣ ለምን ይህን ያህል አገዘፍከው ብለህ ታለቅስ ነበር። ድንጋዩ ከመሰቀሉ በፊት መሬት ላይ ሳለ አባቴ ተንበርክኮ እያንዳንዱን ፊደል በጣቱ ዳሰሰው። ማንበብ አይችልም።

«ትልቅ ነው?» አለኝ።

«ከመንገድ ይታያል።»

«ጥሩ» አለ። «ዓይኗ ደክሞ ይሆናል።»

ይህን ነግሬህ አላውቅም። አልጠየቅከኝም።

አሁን በፖስታ ሳጥንህ ላይ የለጠፍከው ስም የማን እንደሆነ ደግሞ ስማ። እናትህን ሳገባ አባቷ ባሞንዴ፣ እስከ ወንዙ ያለው ሜዳ ሁሉ የእሱ የነበረ፣ በሠርጉ ምሳ ላይ ብርጭቆውን አንስቶ «ልጄን ደጅ አስቀመጥኳት» አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔም የሞቀ ወይን ጠጄን ጨርሼ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ከዚያ ጉበን ሥር አላለፈም። አንተ በተወለድክ ጊዜ እንኳ መንገዱ ላይ ፈረሱ ላይ ሆኖ «ወንድ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ አዎ ስንለው ሄደ። አንተ እንግዲህ የኔን ፍቀህ የእሱን ጻፍክ። የእናቴ ስም ነው ትለኝ ይሆናል። ለእሷ የሰጣት ማን ሆነና!

እናትህም ብትሆን በራሷ መንገድ ተዋግታኛለች። በሩ አጠገብ ወይን ተክላ ሐረጉን በጉበኑ ላይ እንዲሳብ ለቀቀችው። እኔ በየጸደዩ መሰላል አቁሜ እቆርጠዋለሁ፣ እሷ በየበጋው ታሳድገዋለች። ቃል ተነጋግረንበት አናውቅም። ወይኑም የሚረባ ፍሬ አፍርቶ አያውቅም፤ ኮምጣጣ ነው። በዚህ ዓመት አልቆረጥኩትም። ሐኪሙ መሰላል ላይ አትውጣ ብሎኛል። ቅጠሉ ስሙን ሸፍኖታል፤ ከመንገድ ሲታይ የማንም ቤት ነው የሚመስለው።

ሐኪም ካልኩ አይቀር፣ የከተማው ሐኪም ሳንባዬን በፎቶ አየው። «ድንጋይ ነው» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ግራናይት የጠረበ ሰው ሳንባ ውስጥ ሌላ ምን ልታገኝ ፈልገህ ነበር አልኩት። ሌላም ነገር ተናግሯል። እሱን ለመጻፍ ወረቀት አላባክንም። ደረጃውን በሁለት ዕረፍት እወጣለሁ፤ ሾርባዬን ራሴ እሠራለሁ፤ ኤሩንዲና የምታመጣውን ዳቦ እበላለሁ፣ ከነ ስድቡ።

ትናንት መቃብር ነበርን። የእናትህን ድንጋይ አጠብኩ፣ አበባ አኖርኩ። ሴልሶም የራሱን ሙታን ሊያይ መጥቶ ነበርና ጠራሁት። የኔን ማስታወቂያ አሁኑኑ ጻፍልኝ አልኩት።

«ቱ ቱ! ምን ነካዎት? በቁም ያለ ሰው ማስታወቂያ አልጽፍም። ገድ የለውም።»

«በቁም ያለ ሰው ስህተቱን ያርማል። የሞተ አያርምም።»

አጉረመረመ፣ ብዕሩን አወጣ፣ የሌላ ሰው መቃብር ላይ ወረቀቱን አመቻቸ። ስሜን ነገርኩት፣ ሁለቱንም። ሙያ፣ ድንጋይ ጠራቢ። የዶሲንዳ ባሞንዴ ባል የነበረ። ይህን ሁሉ ጻፈ።

«ልጁ» አለ።

የእናትህ ድንጋይ ላይ የወደቀ ቅጠል አነሣሁ።

«ሴኞር ዴልሚሮ፣ ልጁ ላይ ደርሰናል።»

አየህ፣ ባሞንዴ ልበለው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። ኤክስፖሲቶ ልል ስል ደግሞ ያቺ ልጅ መጣችብኝ፤ መስታወቱ ፊት ቆማ «እኛስ የታለን?» የምትለው። እሱም አልወጣልኝም። ሳል ያዘኝ። ሴልሶ ጀርባዬን ሊመታ ተነሣ፤ እጁን መለስኩት።

«ባዶ ተወው» አልኩት።

«ባዶ መስመር ያለው ማስታወቂያ ለጥፌ አላውቅም።»

«ኡሺዮ መጥቶ ራሱ ይሞላዋል።»

«ካልመጣስ?»

«ባዶውን ለጥፈው። መንደሩ ማንበብ ይችላል።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ስሄድ ኮፍያውን አነሣልኝ፤ ለአስከሬን እንደሚያነሣው አድርጎ። አልወደድኩለትም።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። አባቴ ያን ስም ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመው ፈላጊ ቢመጣ እንዲያገኘው ነበር። ዛሬ ፈላጊው እኔ ሆኛለሁ። የጠራሁትን ስም ደግሞ ፖስተኛ አያውቀውም። አማሮ ይህን ሳያይ መሞቱ መልካም ሆነለት። አንተ ስምህን ለውጥ፣ ሕጉ ፈቅዶልሃል፤ እኔ ግን አልፈቅድም፤ ሕጉና እኔ ከድሮም አንስማማም። ይህን ሁሉ የጻፍኩት መልሰህ እንድትለውጠው አይደለም። ያ መስመር ባዶ እንደሆነ እንድታውቅ ነው። ሐኪሙ ከገና ወዲያ ያለውን ነገር ከእኔ ጋር ማውራት አይወድም።

ለኔሬያ ንገራት፤ በማስታወቂያው ላይ የነበረችው ልጅ እሷው ናት። አያቷ ሌላ ኔሬያ አያውቅም።

ወደዚህ የምትመጣ ከሆነ ወፍራም ልብስ ያዝ፤ ቤቱ ይበርዳል። ሐረጉን ቀና አድርገህ ካላየህ ስሙን አታገኘውም፤ ቤቱ ግን ያው ነው። በሩን አልቆልፍም። የሚሰረቅ ነገር ስለሌለ ነው።

ከክፉ ይሰውርህ። ልጅህን ያሳድግልህ፤ አሳድጎም ከደጅህ አያርቃት።

አባትህ፣
ዴልሚሮ ኤክስፖሲቶ

ሳይታሸግ የተጨመረ፦ ኤሩንዲና ፖስታውን አልጽፍም አለች። ቃሏን አጠፈች። «ልጅህን ራስህ ጥራው፤ አባቱ እኔ አይደለሁም» ብላ በሩን በላዬ ላይ ዘግታ ሄደች። የፖስታ ሳጥንህ ላይ ያለው ስም ካልተጻፈ ደግሞ ይህም ይመለሳል። ስለዚህ ፖስታውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ከላይ ስለ እጅ ጽሑፉ ያልኩትን ተወው፤ ሌላ ወረቀት ላይ ልገለብጠው ጉልበት የለኝም። ሁለተኛው ስም ላይ ፊደሉ ተጣምሞ ብታይ፣ እጄ ከድንጋይ በቀር ሌላ ላይ መጻፍ ስላልለመደና ብርዱም ስለበረታ ነው። ፖስተኛው ካነበበው ይበቃል።